ጀርባ የሌለው ካፖርት

አልባሿ ሁልጊዜ ጠዋት ፎቶ ቤቱን ከፍታ ከመጋረጃው ኋላ ትገባና ጥቁሩን ካፖርት በቡርሽ ታጸዳዋለች። መጀመሪያ ባለጸጉሩን ኮሌታ፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ከዚያ ደረቱን። ጀርባውን አትነካውም፤ ጀርባ የለውም። ወንድሟ ፎቶ አንሺው ሥራ በጀመረ ሰሞን ካፖርቱን ከአንገቱ እስከ ግርጌው በመቀስ የሰነጠቀችው እሷ ራሷ ናት። ቀጭን ሴት ስትመጣ ከኋላ አጥፎ በልብስ መቆንጠጫ መያዝ፣ ወፍራም ስትመጣ እንደተከፈተ መተው ነው። ከፊት ሲያዩት ለሁሉም ልክ ነው።

በዚያን ጊዜ ልጆች አድርሰው ጸጉራቸው ሸበት ማለት የጀመረ ሴቶች፣ ለልጅ ልጅ የሚቀር መልክ ፍለጋ ይመጡ ነበር። ክርኑ የተበላ ሹራባቸውን አውልቀው ካፖርቱን ይለብሳሉ። አልባሿ አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበራት፦ «ቀኝ እጅሽን እዚህ ጋ።» እዚህ ጋ የተባለው ሦስተኛው ቁልፍ የነበረበት ቦታ ነው። ቁልፉ ወልቆ ጠፍቷል፤ አምሳያውም አልተገኘም።

ስለዚህ ዛሬ በየሳሎኑ የተሰቀሉት አያቶች ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ወራሾቻቸውም ነገሩን በየቤታቸው ተርጉመውታል። አንዱ ቤት «ጸሎተኛ ነበሩ» ይላል። ሌላው ቤት «ልባቸውን ያማቸው ነበር» ብሎ ስለሚያምን፣ ወንዶቹ በሙሉ ምንም ሳይሰማቸው ልብ ሐኪም ዘንድ ይመላለሳሉ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ የድሮ ሴቶች መልበስ ያውቁበት ነበር።

አልባሿ ይህን ሁሉ እየሰማች ዝም ትላለች። እያንዳንዷ ሴት ስትወጣ «ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ» ትላት ነበር፤ እሷም «ምኑን?» ትል ነበር። ከዚህ የጠበቀ መሐላ አታውቅም። ባል አላገባችም። የጠየቋት ወንዶች ከፊት ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ እሷ ግን ከኋላ የማየት ልማድ ነበረባት። በካፖርቱም አንድ ቀን ፎቶ ተነስታ አታውቅም፤ ለእሷ ከኋላ የሚቆነጥጥላት ሰው አልነበረም።

ባለፈው ሐሙስ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት የሟች እናቷን ፎቶ ይዛ መጣች።

«አሳድጉልኝ። ኮሌታው በደንብ ይታይ።»

«የእናትሽ ፊትስ?» አላት ፎቶ አንሺው።

«ፊቷን አውቀዋለሁ። የምፈልገው ካፖርቱን ነው። እሑድ ሽማግሌዎቹ ፊት ዘርግቼ ‹የሰረቀችኝ ይኸውላችሁ› እላለሁ። ከዚያ ወዲያ እህት የለኝም።»

ሰረቀች የተባለችው ታናሿ ናት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ታላቂቱ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ካፖርቱን ስታጣ እህቷን ጠረጠረች፤ ታናሿ ደግሞ «ራሷ ወስዳ በእኔ ታሳብባለች» አለች። የአክስት ልጆችም ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው በሁለት ጎራ ተከፈሉ።

አልባሿ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። ሴትዮዋን አስታወሰቻቸው፤ ቀጭን ነበሩ፣ ብዙ መቆንጠጫ ነው የፈጁት። እሳቸውም እንደሌሎቹ ለምነዋታል፤ እሷም «ምኑን?» ብላቸዋለች።

«አንቺስ እንዲህ ያለ ፎቶ አለሽ?» አለቻት።

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለክርክር ነው።»

«ለክርክርም ቢሆን መልክ ያስፈልጋል። ነይ ግቢ።»

ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዳ በፊት በኩል አለበሰቻት፤ ከኋላ ቆነጠጠችና መስተዋቱ ፊት አቆመቻት።

«ቀኝ እጅሽን እዚህ ጋ።»

ሴትዮዋ እጇን አስቀመጠች። መስተዋቱ ውስጥ ያለው የእናቷ ፎቶ ነበር፤ የተለወጠው ፊቱ ብቻ ነው። ቆየት ብላ ግራ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና መቆንጠጫዎቹን ዳሰሰች።

«እትዬ… ይሄ የማን ነው?»

«የፎቶ ቤቱ።»

«እናቴ እኮ ብርዱ ቢብስም ‹ካፖርቴን የማልለብሰው እንዳይበላሽብኝ ነው› ትለን ነበር!»

«እውነታቸውን ነው። በእሳቸው እጅ አልተበላሸም።»

ፎቶ አንሺው የሚጠርገው ነገር እንዳለ ሁሉ ካሜራው ላይ አጎነበሰ።

«እኔ ደግሞ እህቴን በሰው ፊት ሌባ ብያታለሁ።» ፊቷ ቀላ። «ሌላ ገዝቼ ‹ተገኘ› ብላትስ?»

«ልጄ፣ እኔ የማውሰው ካፖርት ነው። ለእህትሽ የምትይውን ከራስሽ አምጪ።»

መድኃኒት ሻጯ ካፖርቱን ሳታወልቅ ስልኳን አወጣች። የታናሿ ድምፅ እስከ መጋረጃው ይሰማ ነበር።

«ለሽምግልናው ከሆነ እሑድ እንገናኛለን!»

«ፎቶ ቤት ነኝ። የእማዬን ካፖርት አገኘሁት። የእሷ አልነበረም።»

«አልወሰድኩም አላልኩሽም?»

«ብለሻል።»

«ቀስ ብለሽ ድገሚው እስቲ።»

«ብለሻል። አልወሰድሽም። በድዬሻለሁ።»

ስልኩ የተዘጋ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«አሁን እዚያ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ታናሿ።

«ለብሼው ቆሜያለሁ። ነይና አብረን እንነሳ።»

«እኔ እንደ አንቺ በዚህ ጸጉር አልነሳም!» ብላ ዘጋችው።

ታናሿ ጸጉሯን ተሠርታ ከምሳ በኋላ መጣች።