ሯጮቹ ለጥየቃ የመጡ ዕለት

መቀመጥ አልችልም። ይህ ከጡረታ በኋላ የመጣ አመል አይደለም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ከመስኮት እስከ በር ስለምመላለስ ተማሪዎቼ እኔን በዓይን ሲከተሉ አንገታቸውን ያማቸው ነበር። ጡረታ ስወጣ የምመላለስበት ክፍል አጣሁ። ቤቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር እርምጃ ነው። አሥሩን ሄጄ አሥሩን ስመለስ ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ወይ ውጣ ወይ ተቀመጥ፤ ዓይኔ ዞረ» አለችኝ። ወጣሁ። ሩጫ የጀመርኩት እንዲህ ነው፤ ጤና ምናምን የምለው ለሰው ነው።

በእኛ ከተማ፣ በመካነ ሰላም፣ ስድሳ ያለፈው ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ከሮጠ ወይ ከብት ጠፍቶበታል ወይ ቤት ተቃጥሎበታል። መጀመሪያ ሰሞን ገበያተኛው እያስቆመ «ምን መጣ? ምን ሆነ?» ይለኝ ነበር። «ምንም፤ ለሰውነቴ ነው» ስል በሐዘኔታ ያየኛል። በቅሎ የሚነዳ አንድ የከላላ ሰው «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብሎ ተረተብኝ። በቅሎውን ቀድሜው ባልፍ ደስ ባለኝ፤ አልቻልኩም።

ከዓመት በኋላ አራት ሆንን። አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፋ ሐጂ፣ ዕድሜ ልኩን ስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ ወገቡ የጎበጠ። ሁለተኛዋ ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ከተማው በሙሉ ሲስተር ይላታል። ሦስተኛው በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ እኛ የኔታ እንላቸዋለን። የኔታ ተማሪዎቻቸው እንዳያውቋቸው የሱፍ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ይሮጣሉ። የማያውቃቸው ሰው ግን የለም፤ ዳገት ሲወጡ ያዜማሉና።

መጀመሪያ የዕለቱን ሩጫ የምንነጋገረው በስልክ ነበር፤ ሲስተር ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፍታልን። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ሐጂው ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከመለኪያ ሜትሩ አጠገብ፣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር በምስማር ሰቀለ። ከሩጫ ስንመለስ እዚያ እንጽፋለን። አንዱ «እስከ ድልድዩ ደርሶ መልስ። ቀኝ ጉልበቴ ሌሊት ያቃጥላል» ይላል። ከሥሩ ሲስተር «ቁልቁለቱን በእርምጃ» ትላለች። ከሷ ሥር የኔታ በዚያ ብራና በለመደ እጃቸው «ሥጋ ሰነፍ ናት፤ አትስማት» ይላሉ። ሐጂው ሁሉም ሥር በአይዞህ ፈንታ አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል፤ «አብሽር»። ውሎ አድሮ የኔታም አብሽር መጻፍ ጀመሩ። በእኛ አገር አብሽር ለመባባል ሃይማኖት አይጠየቅም። በሆዴ ስቄባቸዋለሁ፤ ግን ስድሳ ሦስት ዓመት ስኖር ስለ ጉልበቴ ተጨንቆ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም። ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ የምጠብቅበት ቀን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ልጃችን መናገር አለብኝ። የመጨረሻዋ ናት፤ አረብ አገር ሰው ቤት ለመሥራት ከሄደች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እሑድ እሑድ፣ እናቷ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠብቃ ትደውል ነበር። ከዚያ የስልክ መስመሩ ራሱ ጠፋ፤ ከአንድ ወር በላይ ከተማው ድዳ ሆነ። ያኔ ይሻል ነበር፤ ያልደወለችው መስመር ስለሌለ ነው ማለት ይቻላል። መስመሩ ሲመለስ የጎረቤት ስልክ ሁሉ ጮኸ፤ የእኛ ዝም አለ። የመጀመሪያው እሑድ አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ፤ እኛ ስንደውል የሷ ዝግ ነው። «ካርድ አጥታ ነው» እላለሁ። «ቁጥር ቀይራ ነው። ደህና ናት፤ ክፉ ወሬ እንደሆነ አይደበቅም።» ባለቤቴ ትሰማኛለች፤ ሰምታም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔም እንዲህ አጽናንቼ፣ ስልኩን ለእሷ ትቼ፣ እወጣና እሮጣለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ እሮጥ የነበረው ከዚያ ስልክ ነው። መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ አልወድም ነበር። በአራተኛው እሑድ ድልድዩን አልፌ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ማንም ያልሄደበት ድረስ ሄድኩ። ደብተሩ ላይ ስጽፈው ሐጂው እንደ ልማዱ አብሽር አላለኝም። «ማን እያባረረህ ነው?» ብሎ ጻፈ።

በዚያው ሳምንት ቁልቁለት ላይ ከኋላዬ ሰው በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ። ዞር አልኩ፤ ሰው የለም። ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ነው። ሲስተር መንገድ ዳር አስቀምጣ በአውራ ጣቷ ስትጫነው በዚያ ዕድሜዬ እናቴን ጠራሁ። «መምህር፣ ሦስት ሳምንት ሩጫ የለም። ወጌሻ ጋ ሄደው ቢያሳሹት ደግሞ አላውቅዎትም» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት! አሥር እርምጃ ቤት ውስጥ፣ ያንንም በአንድ እግር እያነከስኩ፣ ከስልኩ ጋር ፊት ለፊት። አመሌ ከፋ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ በሩ ጮኸ፣ ዶሮዎቹ በዙ እያልኩ ባለቤቴን አሰቃየኋት። ወደ ሐጂው ሱቅም አልሄድኩም፤ ሰው እስከ ድልድዩ ደርሶ መምጣቱን ማንበብ ቅናት ሆነብኝ። አሥር ቀን ሙሉ ደብተሩ ላይ ስሜ አልታየም። ጓደኞቼ ይህ አስጨነቃቸው፤ እንደ ጨዋ ሰዎች መክረው ሊጠይቁኝ ተነሡ።

መቼ ይምጡ? በሩጫችን ሰዓት፣ ማለዳ፤ አራታችን የምንገናኘው ያኔ ነዋ። ምን ይልበሱ? ለጥየቃ በሩጫ ልብስ አይኬድም፤ ደግሞ ውርጭ ነው፤ ሐጂውና ሲስተር ጋቢ ደረቡ። የኔታ ለእኔ ክብር ሲሉ ያንን የሱፍ ኮፍያ ጥለው ነጭ ጥምጥማቸውን ጠመጠሙ፤ መቋሚያቸውን ያዙ። አንዳቸውም፣ መርዶ ሲያረዱ የኖሩት የኔታ እንኳ፣ ምን እንደሚመስሉ አላሰቡም። እነሱ በሐሳባቸው ሯጮች ናቸው።

እኔ በረንዳ ላይ እግሬን በባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ባለቤቴ ግቢውን ትጠርጋለች። መጀመሪያ ያየሁት ከአጥሩ በላይ ጥምጥሙን ነው። ከዚያ ጋቢ፤ ከዚያ ሌላ ጋቢ። ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ በር ሳያንኳኩ ቆመው ይንሾካሾካሉ። በአገራችን ሽማግሌ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ በር ላይ ተሰብስቦ የሚንሾካሾከው ለአንድ ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ አብሬያቸው የሮጥኩ ሰዎች ናቸው፤ የኔታን በጥላቸው አውቃቸዋለሁ። ያን ዕለት ግን ወዳጆቼን አላየሁም። ልጄ እንደሞተች አየሁ። ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

ባለቤቴ ቀና ስትል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

ጩኸቷን አልገልጸውም። «ልጄን! ልጄን!» ስትል ሦስቱ በሩን ገፍተው ገቡ፤ መግባታቸው ደግሞ ነገሩን አረጋገጠው። ሲስተር ባለቤቴን አቅፋ «እማሙዬ፣ ማንም አልሞተም! እግሩን ልንጠይቅ ነው!» ትላለች፤ ማን ይስማት። ሐጂው ያንን ደብተር እያውለበለበ «ወላሂ የእግሩ ነገር ነው! ያ ረቢ፣ የእግሩ ነገር ነው!» ይላል። የኔታ መቋሚያቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ጎረቤት ደግሞ ሁሉን ነገር ጠይቆ አይመጣም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢውን ሞሉት። አንዱን ስናስረዳ ሁለት እያለቀሱ ይገባሉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይቀር መጣ፤ ለማን እንደሚነፋ ሊጠይቅ።

እስከ ረፋድ ፈጀብን። የመጨረሻዋ አልቃሽ ዕንባዋን ጠርጋ «እንኳንም ውሸት ሆነ» ብላ ስትወጣ የኔታ ወደ ባለቤቴ ቀርበው «ሞተች የተባለች ዕድሜዋ ይረዝማል፤ አብሽሪ ልጄ» አሏት። ባለቤቴ እጃቸውን ስማ ሸኘቻቸው። እነሱን አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም።

ለእኔ ነበራት። በሩ ሲዘጋ መጥረጊያውን አነሣች፤ መልሳ ጣለችው።

«እኔ እነሱን አላየሁም» አለች። «አንተን ነው ያየሁት። ካርድ አጥታ ነው፣ ቁጥር ቀይራ ነው ስትለኝ ከርመህ፣ ለካ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አንተ ቀብረሃት ነበር። እኔ ብቻዬን ነው ስጠብቃት የነበረው።»

ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የገባብኝ የለም፤ እውነት ነዋ። ከዚያ በኋላ ምግቤን ታቀርባለች፣ የባልዲውን ውኃ ትቀይራለች፣ አታናግረኝም። ሐጂው ደብተሩ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ «አጥፍተናል፤ አውፍ በሉን» ብሎ ጽፎ ገጹን ቀዶ ላከልን። አነበብኩላት። ይቅር ማለት ያለባት እነሱን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሦስቱ ሳምንት ሳይሞላ ሩጫ ጀመርኩ። ሲስተር ተቆጣች፤ ተቆጥታም አብራኝ ቀስ ብላ ሮጠች። ማታ ማታ ጅማቱ እንደ ገመድ ይወጠራል፤ ቤት ከመቀመጥ ግን እሱ ይሻለኛል። ስልኩን እንደ ወትሮው ለባለቤቴ እተዋለሁ። አሁን ግን «ደህና ናት» አልልም። አንድ ቀን ደፍሬ «እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አውቃለሁ» አለች። ከሳምንታት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስደጋግመው ዋልኩ።

ከዚያ ማክሰኞ መጣ። እሑድ ቢሆን ልባችን ይጠብቅ ነበር፤ ማክሰኞ ማንም ምንም አይጠብቅም። አራታችን ከድልድዩ እየተመለስን ነው፤ ፀሐይ ገና ገብሱ ላይ መውጣቷ ነው። ከከተማው በኩል አንዲት ሴት እየሮጠች ትመጣለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ሩጫዋ የሰለጠነ አይደለም፤ ጉልበቷ ወደ ጎን ይሄዳል።

«አምስተኛ ሰው አገኘን» አለ ሐጂው ሊቀልድ። ከዚያ አፉን ያዘ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬያት ስኖር ባለቤቴ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ለዚህ ነው ያላወቅኋት። ሳውቃት መቆም የማልችለው ሰው መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። ሦስቱም ቆሙ። አብሽር ያለኝ የለም። ጩኸት ጠበቅሁ፤ እልልታም ጠበቅሁ። አንዱም አልመጣም፤ ትንፋሹ ከየት ይምጣ፣ ከቤት ጀምራ ስትሮጥ ነው የመጣችው። ፊቷን አየሁት፤ የሮጠ ሰው ፊት ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚነበብ ነገር የለውም። በመጨረሻ እኔም ወደ እሷ ሮጥኩ፤ ጅማቴ ይበጠስ እንደሆነ ይበጠስ ብዬ።

ስንገናኝ መናገር አልቻለችም። ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፋ መንገዱ ዳር ዝርግት ብላ ተቀመጠች። ስልኩ መስመር ላይ ነበር።

ልጃችን ስልኳን አሠሪዋ ቀምታት እንደከረመች፣ ከዚያ ቤት ወጥታ ሌላ ቤት እንደገባች፣ በሰው ስልክ እንደደወለች፣ ያንን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው። ያን ሰዓት ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ልጄ» ልል ብል ድምፅ አልወጣኝም። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አባዬ?» አለች። ድምፅዋ ነው። «አባዬ፣ አንተም ታለከልካለህ፤ እማዬም ቆይ ብላኝ ስታለከልክ ነበር። ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ? በናታችሁ አትደብቁኝ!»

ማልቀስ ጀምራለች። ባለቤቴን አየኋት፤ ጎኗን ይዛ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት፤ አሁን ድምፄ መጣ። «ማንም አልሞተም ልጄ። እናትሽና እኔ ሮጠን ነው።»