የክሩ ጡት

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ ቤዛ ወልዳ ሆስፒታል ተኝታለች ሲሉኝ፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ከች አልኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ብዙም ሳልቆይ አንዲት ወጣት ነርስ በሹራብ ክር የተሠራ ጡት ይዛ ገባች። ሳቄ መጣ። ቡናማ ነው፣ ጫፉ ጠቆር ብሏል፣ ውስጡ ጥጥ ተጎስጉሶበታል። ነርሷ አውራ ጣቷን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርጋ፣ "እንዲህ ይያዛል፣ ወደ ደረት ገፋ፣ ከዚያ ጫን" እያለች እናቶቹን ታስተምር ጀመር። ሳቄ እዚያው ደረቀ። በእኛ ጊዜ የክር ጡት አልነበረም። የክሩ ጡት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ሰበታ ነበር የምኖረው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው የተዳርኩት። ክረምቱ የከፋ ስለነበር፣ ምጥ የያዘኝ ዕለት ሆስፒታል ያደረሰኝ ጋሪ ነው። ፈረሱ ጭቃው ውስጥ በቆመ ቁጥር ባለጋሪው ፈረሱን ይሳደባል፣ አማቴ ደግሞ ባለጋሪውን ይሳደባሉ። ሴት ልጅ ወለድኩ። በማግስቱ ጠዋት ሞተች። ምን ሆና እንደሞተች የነገረኝ የለም፤ እኔም የምጠይቅበት አፍ አልነበረኝም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ። እኔ የልጄን አንገት እንኳ በወጉ ሳላየው በነጠላ ጠቅልለው ወሰዷት።

ደም ስለበዛብኝ ወደ ቤት አልላኩኝም። ሌላ ክፍል የለም ተብሎ እዚያው ከሚያጠቡት እናቶች መካከል ተኛሁ። ከዚያ ወተቴ መጣ። ይኼን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ልጅ ሲሞት ወተቱም አብሮ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ጡቴ አጋተ፣ ጠጠረ፣ አቃጠለኝ። በአጠገቤ ያለው ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ቀሚሴ ይርሳል።

ሕፃኑ የዘይነባ ነው። ዘይነባ የእኔ እኩያ፣ ባሏ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። እናቷ ከራስጌዋ አይጠፉም። ወተቷ ዘግይቶ፣ ልጁም ጡት መያዝ አቅቶት፣ ድምፁ እስኪሰልል ይጮሃል።

አማቴ አዴ ጫልቱ ከቤት አጥሚት ይዘው መጡ። ትኩስ ነው፣ ቅቤው ከላይ ሰፍፏል። እጄን ስዘረጋ ኩባያውን ሳቡት።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ይቅርብሽ። ወተቱን ይጨምርብሻል" አሉና ለዘይነባ ሰጧት።

"እርቦኛል እኮ።"

"ለማን ብለሽ ትጠጫለሽ?"

ለእኔ ዳቦ ቆረሱልኝ። በኋላ ይህን የሰሙ ሁሉ ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ልማድም ክፋትም ነበር እላለሁ።

በነጋታው ሲስተሯ መጣች። ስለ ማጥባት የምታስተምረው እሷ ናት። እውቀቷ አይካድም፣ ምላሷ ግን ይቆርጣል። "ለልጅ ቅቤ የምታቀምስ፣ እንገሩን የምትደፋ፣ እዚህ ክፍል እንዳላያት!" እያለች በአልጋዎቹ መካከል ትዞራለች። የዚያን ቀን ጡት በእጅ እንዴት እንደሚታለብ ላሳያችሁ አለች። ማን ይውጣ? ከኋላዋ ወንድ ተማሪዎች ቆመዋል። እናቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

"አንቺ ነሽ የሞተብሽ? ጥሩ። የሚቸኩልብሽ የለም።"

ቀሚሴን ራሷ ከፈተችው። ስትጫነው ጥርሴን ነከስኩ። ወተቱ እየተፈናጠቀ ኩባያው ውስጥ ገባ። "አያችሁ? ጤነኛ ጡት ማለት ይኼ ነው። ጠጋ በሉ" አለች። ጠጋ አሉ። ዘይነባም ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ከሁሉም አስተውላ ያየችው እሷ ነች። ልጁ ሽታው ደርሶት ነው መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ለእሱ ስጪው" አልኳት ሲስተሯን፣ ኩባያውን እያየሁ።

"የሌላ ሴት ወተት እዚህ አይሰጥም።" ወስዳ ገንዳው ውስጥ ደፋችና ኩባያውን አለቀለቀችው።

እሷ ስትወጣ ወደ ዘይነባ እናት ዞርኩ። "እማማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥባኝ" ብዬ ለመንኳቸው። የፈለግሁት አንድ አፍ ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ ወተት ለገንዳ እንዳይሆን። ሴትዮዋ እጄን ይዘው አለቀሱ።

"ልጄ፣ በእኛ ሃይማኖት ከጠባሽ ልጅሽ ሆነ ማለት ነው። የምትወልጃቸው ሁሉ እህት ወንድሞቹ ይሆናሉ፤ መጋባት ሐራም ነው። ነገ እንበታተናለን። ሳያውቅ እህቱን ቢያገባስ?"

"ልጅ እኮ የለኝም፣ እማማ።"

"ትወልጃለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

አማቴ ከወዲያ ሆነው "አሜን" አሉ። ከምርቃት ጋር አይጣሉም። ከዚያ ጡቴን በመቀነት ጥፍር አድርገው አሰሩልኝ። ዘይነባ በእኔ ላይ ያየችውን በራሷ ላይ ሞከረች፤ ወተቷ ወረደ፣ ልጁም ጠግቦ ተኛ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቡራዩ ላይ የቤዛ ልጅ ከብዙ ትግል በኋላ ጡቱን ጎረሰ። ነርሷ ሳቅ እያለች ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎስ ስንት ልጅ አጠቡ?"

"አንድም አላጠባሁም" አልኳት። "ማጥባት ግን አስተምሬያለሁ።"

"የሙያ አጋሬ ነዎት ለካ!" ብላ የክሩን ጡት ሰጠችኝ። አውራ ጣቴን ከላይ አድርጌ ጫን አልኩት፤ ምንም አልወጣውም። መለስኩላትና ለቤዛ አጥሚቷን ቀዳሁላት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ያንን ልጅ አሰብኩት። ይኼኔ እንደ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ሆኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይሆናል። እኔ ከዚያ ወዲህ አልወለድኩም። ያን ዕለት ጠብቶኝ ቢሆን ኖሮ፣ በእኔ የተነሳ እህቱ ሆና የምትከለከለው ሴት በዚህ ምድር ላይ አንዲትም አልነበረችም።