በግዝት ቀን የተነሳ ሸራ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደምሰው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ማርቆስን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ከጎሬ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። መዋሸት ስለማልወድ «አላውቀውም» አልኩ። «ጥሩ ነው፤ እንግዶቹም አያውቁትም» ብለው የቢሮውን ቁልፍ ሰጡኝ።

አቶ ደምሰው ወደ አስጎብኝነት ከመግባታቸው በፊት የወፍጮ መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ፕሮግራሞቼን ሁሉ የጻፍኳቸው በተረፈው የዕቃ ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ነው። አንድ እንግዳ ወረቀቱን ገልብጦ «ይህ ባለ አሥራ ስድስቱ የወፍጮ ድንጋይ የሚጎበኘው በስንተኛው ቀን ነው?» ብሎኛል።

ማዕረጌ «የጉዞ ፕሮግራም አዘጋጅ» ነበር። ከበላዬ አቶ ደምሰው፣ ከበታቼ የሻይ ፔርሙስ። የሥራ መሣሪያዎቼ ስልክ፣ እርሳስ፣ የቀጠሮ ደብተርና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የበዓላት መቁጠሪያ ናቸው። እርሳስ ያልኩት በምክንያት ነው። በእስክሪብቶ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ወይ ጀማሪ ነው ወይ አለቃ ነው።

ያኔ ለአንድ ጉዞ ሦስት ቦታ እደውል ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ምሳው። ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት አንድ አባታችን ሆይ እላለሁ። ጥሪው ካልተሳካ ሁለት። አቶ ደምሰው ይህን ሲያዩ «ፅጌ፣ ኔትወርኩ በጸሎት ነው እንዴ የሚሠራው?» ይሉኝ ነበር። ሌላ የሚሠራበት ነገር እንዳለ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

በማርቆስ የኖርኩት እንግዲህ ብዙ ዓመት ነው። የደብር አባል ነኝ፣ እድር አለኝ፣ ቀብር አልቀርም። ይሁን እንጂ ገበያ ወርጄ ቲማቲም ስጠይቅ ሻጯ ከአፌ ነጥቃ «አገርሽ የት ነው?» ትለኛለች። «እዚሁ ነኝ» እላለሁ። «እሱማ አሁን ነው፤ አገርሽን ነው የምልሽ» ትላለች። ይህ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ነገሩን የማነሳው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

መንገዱ ክፍት በነበረበት በአንዱ ዓመት፣ አቶ ደምሰው በስልካቸው ቪዲዮ አይተው ቢሮ ገቡ። «ግብፆች የሚያደርጉትን ታውቂያለሽ? ጠዋት የጥንት ሐውልት ያሳያሉ፤ ከሰዓት በሸራ ጀልባ ያንሸራሽራሉ። በማን ውሃ? በእኛ ውሃ!»

«ጋሼ፣ እኛ ጋ የሸራ ጀልባ የለም» አልኩ።

«ሐውልትስ?»

«የተሰበረው ድልድይ አለ።»

«ግማሹ አለን ማለት ነው» አሉና «ሦስት ቀን ከቅርስና ከሸራ ጋር» ብለው በእስክሪብቶ ጻፉ።

ድልድዩ ከይጁቤ ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ፣ አንድ ገባር ወንዝ ወደ አባይ ከመግባቱ በፊት ሰፍቶ ዝም ብሎ በሚሄድበት አጠገብ ነው። በኖራ የተገነባ የድሮ ሥራ ነው፤ መሐሉ ወድቋል። ሳይሰበር ቢቆይ ማንም ቅርስ አይለውም ነበር፤ ሰው ይሻገርበት ነበር እንጂ። ስለተሰበረ ግን ሰዉ ከድልድዩ በላይ ባለው መሻገሪያ በታንኳ ይሻገራል። ታንኳ የምንለው በታሸጉ ጀሪካኖች ላይ የተመታ ሳንቃ ነው። ባለቤቱ አያ ታደለ ይባላል፤ ዕድሜው ስድሳን ያለፈ፣ ከሚናገረው የሚውጠው የሚበዛ ሰው ነው።

ሸራውን አቶ ደምሰው ራሳቸው አሰፉት። ጨርቁ ያረጀ የሠርግ ድንኳን ነበር። «መልካም ጋብቻ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ መሐል ላይ ቀርቷል። «ይፈታ» ብል «ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ ይታያል» አሉ። ስለ አዞም ጠይቄያቸው ነበር። «አዞ በፕሮግራሙ አይካተትም» አሉኝ፤ አዞው የተነገረው ይመስል።

ለዚህ ፕሮግራም የተመዘገቡት የመጀመሪያም የመጨረሻም እንግዳ ወይዘሮ የሺ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ አስተማሪ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት። ስለ ሸራው ደንታ አልነበራቸውም። ከወንዙ ማዶ ባለው የተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነው ክርስትና ተነስተዋል። ልጃቸው ታሞ ተስፋ በተቆረጠበት ጊዜ ለዚያ ታቦት ዣንጥላ ተስለው፣ ልጁ ድኖ፣ እሳቸው በሥራና በኑሮ ምክንያት ሳያደርሱት ሠላሳ ዓመት አልፏል። «ልጄ» አሉኝ በስልክ፣ «ጉልበቴ ዘንድሮን ችሎልኛል። ከርሞን ግን ቃል አልገባልኝም።»

እኔ ስለት ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመቁጠሪያው ፊት ቆሜ እንደ ፈተና አሰላሁት። የታቦቱ ዓመታዊ በዓል ጥር 24 ነው። ታቦቱ ሲወጣ ዣንጥላው ከላዩ እንዲዘረጋ በ23 መሻገር አለባቸው። ጥር 22 ማርቆስ ይገባሉ፤ 23 ድልድዩን አይተው ይሻገራሉ፤ 24 ያነግሣሉ። 23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው፤ በጊዮርጊስ ተነስቶ ለተክለ ሃይማኖት መድረስ! ከዚህ የተባረከ ፕሮግራም ጽፌ አላውቅም። ከጸሎተኛ ሰው በቀር ማንም የማይሠራውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው።

አያ ታደለ ዘንድ ደወልኩ። «ጥር 23 ከሰዓት መሻገሪያው ላይ ይኖራሉ?» አልኩት። «እኖራለሁ እንጂ የት እሄዳለሁ» አለ። በደብተሬ ላይ «ታንኳ፦ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን እርሳሱን በእስክሪብቶ ደገምኩበት።

በ23 ከቀትር በኋላ መሻገሪያው ደረስን። ወይዘሮ የሺ ከማርቆስ ጀምሮ ዣንጥላውን በጭናቸው ላይ አጋድመው ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው የወርቅ ዘርፍ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ። አያ ታደለ እንዳለውም አለ። ነጭ ለብሶ ከታንኳው አጠገብ ተቀምጧል። መቅዘፊያው ዛፍ ላይ ተሰቅሏል።

«እንነሳ እንጂ» አልኩት።

«ዛሬ ግዝት ነው።»

ከወንዙ ወዲህ ማዶ ያለው ደብር የጊዮርጊስ ነው። በረዶ አዝመራቸውን ስለፈጀባቸው ካህኑና ሕዝቡ ተማምለው በየወሩ በ23 ሥራ አይሠሩም፤ አያርሱም፣ አይፈጩም፣ አይቀዝፉም። የሻረ ሰው በረዶ ያመጣል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ግዝታቸው በ24 ነው፤ በበዓላቸው ቀን ታንኳ ዳራቸውን አይነካም። ስለዚህ ከዛሬ ሌላ ቀን የለም፤ ዛሬ ደግሞ አይቻልም።

«በስልክ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ይኖራሉ ወይ አልሽኝ፤ አለሁ። በጊዮርጊስ ቀን ቅዘፍ የምትል ክርስቲያን ትኖራለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«አያ ታደለ፣ በጥር በረዶ ይጥላል እንዴ?»

«በረዶ ቀን ይቆጥራል፣ እታለም። በጥር የተሻረው በነሐሴ ይመጣል።»

ወይዘሮ የሺ አልተቆጡም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ያዩ ጀመር። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ፕላስቲኩን በመዳፋቸው ደጋግመው ያስተካክሉት ነበር።

የደብሩ አለቃ አባ ኃይሌ ከዝክር ወጥተው ከነሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ነበሩ። ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ነገሩን አስረዳሁ። አዘኑ። ግን ግዝት በሐዘን አይፈታም።

ለአቶ ደምሰው ደወልኩ። «ሸራውስ?» አሉኝ። መኪናው ውስጥ ከመለዋወጫ ጎማው በታች ረስቼው ነበር። አፍሬ ለአባ ኃይሌ ነገርኳቸው።

«ሸራውን የሚገፋው ማን ነው?» አሉ።

«ነፋስ ነው፣ አባታችን።»

«የሰው እጅ የለበትም?»

«አንዴ ከተወጠረ የለበትም። የሚወጥረውም ሾፌራችን ነው፤ የዚህ ደብር ሰው አይደለም።»

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሾኩ። አንዱ «ነፋስ የማን ደብር ነው?» አሉ። ሌላው «የማንም» አሉ። አባ ኃይሌ ጢማቸውን ያዙ። «ነፋስ አልተገዘተም» አሉ በመጨረሻ። «ታደለ አብሮ ይሂድ፣ መንገዱን በቃል ይምራ። እጁን ግን በመቅዘፊያው ላይ እንዳላይ።»

በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ «መልካም ጋብቻ» ተወጠረ። መቅዘፊያውን እኔ ከዛፉ አውርጄ ጫንኩ፤ ጥንቃቄ ልማዴ ነው። ሾፌሩ መኪናውን ሊጠብቅ ቀረ። ወይዘሮ የሺ ከነዣንጥላቸው መሐል ተቀመጡ፣ አያ ታደለ ከኋላ፣ እኔ ከፊት። የቆላው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ሸራው ነፋ ብሎ ታንኳው በእርግጥ ሄደ። ግማሽ ወንዝ ያህል አቶ ደምሰውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

መሐል ላይ ነፋሱ ቆመ።

ሸራው ከግንዱ ላይ ተንጠለጠለ። ዝምተኛ የሚመስለው ውሃ ይዞን ወደ ታች፣ ወደ ተሰበረው ድልድይ መንሸራተት ጀመረ። ከምሰሶዎቹ ሥር አረፋ ይታየኛል። ዘወር ስል አያ ታደለ በሁለት እጆቹ ላይ ተቀምጧል።

«መቅዘፊያውን ያንሱት እንጂ!»

«አልችልም፣ እታለም።»

«ልናልቅ እኮ ነው።»

«አይቻለሁ።» ዳሩን አየ፤ አባ ኃይሌና ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የማን ደብር ነሽ አንቺ?»

«የማርቆስ።»

«እሱ አሁን ነው። አገርሽን ነው የምልሽ።»

ስንት ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ወንዝ መሐል ጠብቆ ያዘኝ። «ጎሬ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ዳር ያሉት ሽማግሌዎች እንኳ ሰምተውታል።

«ጎሬ በ23 ግዝት አለባት?»

«የለባትም።»

«በይ ያዢዋ!»

በሕይወቴ መቅዘፊያ ይዤ አላውቅም። አያ ታደለ እጆቹ ላይ እንደተቀመጠ ያዝዛል። «በቀኝ! ውሃውን አትምቺው፣ ጎትቺው። አሁንም በቀኝ!» ወይዘሮ የሺ አርባ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ «ጀርባሽን ቀና አድርጊ ልጄ» ይሉኛል፣ መዳፋቸው በዣንጥላው ላይ። እኔ በየምቱ «አቤቱ» እያልኩ ነው። የድልድዩን ምሰሶ በሦስት ክንድ ያህል አለፍነው። ፕሮግራሙ ላይ «ጥንታዊውን ቅርስ በቅርበት መመልከት» የሚል መስመር ነበር፤ እሱ ብቻ እንደተጻፈው ተፈጸመ።

ወዲያ ማዶ በ23 ሥራ ስላልተከለከለ ሰዉ ውሃ ገብቶ ገመዱን ሳበ። አንዱ ሸራውን አንብቦ «ማን ተዳረ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ የሺ እየተደገፉ ሲወርዱ። «ሙሽራው ቀርቶብኛል።»

በማግሥቱ ታቦቱ ሲወጣ ያ ቀይ ዣንጥላ ከላዩ ተዘረጋ። ወይዘሮ የሺ በምርኩዛቸው ተደግፈው እልል አሉ፤ ከዚያ መሬት ስመው ለመነሳት ሁለት ሰው አስፈለጋቸው። እኔ የታጠፈውን ፕላስቲክ ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። መዳፌ ተልጦ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻልኩም።

በ24 ታንኳ ስለማይነካ የተመለስነው በ25 ነው፤ የሦስት ቀኑ ጉዞ አራት ሆነ። አቶ ደምሰው መጀመሪያ ተቆጡ። ታሪኩን ሲሰሙ ብዕራቸውን አንስተው ከፕሮግራሙ ግርጌ «አዘጋጇ ራሷ ትቀዝፋለች» ብለው ጨመሩ። የንስሐ አባቴ ደግሞ አርባ ስግደት ሰጡኝ። «ለመቅዘፍሽ አይደለም» አሉኝ፣ «ስትነግሪኝ ደስ ስላለሽ ነው።»

በነሐሴ እዚያ አገር በረዶ ጣለ። አያ ታደለ ደወለልኝ፤ ስልኩን ያነሳሁት ሦስት አባታችን ሆይ ብዬ ነው። «አይዞሽ፣ ያንቺ አይደለም» አለኝ። «አጣርተናል። ወዲያ ማዶ በ24 አጥሩን ሲያጥር የታየ ሰው አለ።»

ከዚያ ወዲህ ለአንድ ጉዞ የምደውለው አራት ጊዜ ነው፤ አራተኛው ስለ ግዝቱ። ገበያ ላይ አገሬን ሲጠይቁኝም «ጎሬ» እላለሁ፤ ቲማቲሙ ዋጋው ያው ነው።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የጉዞ ፕሮግራም አዘጋጆች የምለው ይህን ነው። ጉዞ ስታቅዱ በዚያ ቀን ማን እንደሚኖር አትጠይቁ፤ ማን እንደማይሠራ ጠይቁ። ከተጓዦቹም መካከል አንድ የሩቅ አገር ሰው ይኑር።