በበጋ የማትጠጣ አበባ

ባለቤቴ ደህና ሳለ አጥብቆ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር "በበጋ ውሃ እንዳታጠጫት" የሚል ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን አምቦ መንገድ ዳር፣ ዶዘር ሊገለብጠው ከደረሰ ሜዳ ላይ አንዲት ኦርኪድ የምትባል አበባ ከነአፈሯ ቆፍሮ አመጣ። ዛፍ ላይ የምትንጠለጠለዋ ዓይነት አይደለችም፤ ከመሬት ወጥታ ሳር መሃል የምትቆም ናት። አንገቱን በቆረጠው የዘይት ጀሪካን ተከላት፤ የመጣችበትን አፈር ከአሸዋና ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ። ያለ አገሯ አፈር አትጸድቅም ይል ነበር።

ክረምት ሲገባ ትበቅላለች፣ መስከረም ላይ ታብባለች፣ ከዚያ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ላያት ሰው ሞታለች። ከሥር ግን ትንሽ ድንች የምትመስል ሥር አለቻት፤ እሷ አፈር ውስጥ ተኝታ ዝናብ ትጠብቃለች። በእንቅልፏ ውሃ ከበዛባት ትበሰብሳለች፣ አለቀ። "ያገባኸው እሷን ነው እኔን?" እያልኩ እስቅበት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱም ተሳሰረ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞርንለት። ጀሪካኑ በረንዳው ላይ ፊት ለፊቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሱን ያያል። እኔም ይቺ አበባ ክረምት ላይ ከበቀለች እሱም ይነሳል ብዬ በልቤ ያዝኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ሐኪሙ "እንግዲህ በጊዜ ነው" ብሎ ሸኝቶናል፤ ሌላ ምን ልያዝ?

ኮልፌ ሰው ታሞ ማን ብቻውን ይተዋል! ጠያቂው በር አላስዘጋ አለ። አጥሚት የሚያመጣው፣ አብሮኝ የሚያገላብጠው፣ አንሶላ አጥቦ የሚያሰጣው ብዙ ነው። ከሁሉም የሚብሱት የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሙስሊም ሴት። ሰግደው ሲጨርሱ ይመጣሉ፣ ራስጌው ቁጭ ብለው ዱዓ ያደርጉለታል። ሲወጡ ደግሞ ደረቁን ጀሪካን ያዩና የውሃ ጆጋቸውን ይገለብጡበታል።

"እናቴ፣ ይተዉት፤ ተኝታ ነው" አልኳቸው።

"አበባ ይተኛል እንዴ? ወላሂ፣ ሐሳብ አዙሮሻል" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰውየው በሕይወት እያለ አበባው ይድረቅ? ምን ነካሽ! ሟርት ነው" አሉኝ።

ምን ልበል? ባሌን በእጃቸው የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ውሃዎን ይዘው ይሂዱ ይባላሉ? ጀሪካኑን ጆንያ አለበስኩት፤ የእድር ሴቶች "በሽተኛ ፊት የተሸፈነ ነገር አይቀመጥም" ብለው ገፈፉት። ጓዳ ደበቅሁት፤ ባለቤቴ ሲያጣው ዓይኑን እያንከራተተ ማቃሰት ጀመረ፣ መለስኩት። አንዷ ጭራሽ ጽጌረዳዋን ያፋፋላትን የሥጋ እጣቢ ይዛ መጣች። እሱ ሁሉንም በመስኮት ያያል። ውሃ በፈሰሰ ቁጥር ደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ጭምድድ ያደርጋል፤ እነሱ ደግሞ "እሰይ፣ እጁ በረታ!" ይላሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው። ተናደድኩ፣ አነባሁ፣ መልሼ ቡና አፈላሁላቸው።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ምንም የለም። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ "ገና ነው፣ ዘንድሮ ክረምቱ ዘግይቷል" እላለሁ። ውጭ ቱቦው ሞልቶ ይጮሃል።

አንድ ከሰዓት በግራ እጁ ጀሪካኑን ጠቆመኝ፤ አምጪው ማለቱ ነው። ፈራሁ፣ ግን እንዴት እምቢ እላለሁ? አልጋው ላይ ጨርቅ አንጥፌ ጀሪካኑን አስጠጋሁለት። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከተተ፣ ቀስ ብሎ ፈለገ፣ ፈለገ። ያወጣው ባዶ ልጣጭ ነው፤ ውስጡ ፈስሶ አልቋል። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው።

ይሄኔ ጎረቤታችን በዝናብ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጆጋቸውን ይዘው ገቡ። "እሰይ፣ አስገባሽለት? ብቅ አላለም?" አሉ፣ ዓይናቸው በተስፋ እያበራ።

ባለቤቴ ቀና ብሎ አያቸው። ልጣጩን አፈሩ ውስጥ መለሰ፣ በግራ እጁ ደህና አድርጎ ከደነው፣ ከዚያ አንገቱን ነቀነቀላቸው። ያጠጡ ማለቱ ነው።

አጠጡ። "አላህ ያሽርልሽ" አሉኝ።

"አሜን" አልኩ።