ስም ያለበት ግልባጭ

የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ይልቅ ኮምፒውተር ጠጋኙን ገድሉን ያውቁታል። ኮምፒውተር የሚጠግንባት ሱቅ ቀበሌ ያከራየው የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ እውነተኛው እንጀራው ግን የውጭ አገር ሶፍትዌር ከፍላሹ ወደ ሰው ላፕቶፕ መገልበጥ ነው። የተቆለፈውን ይከፍታል፣ ጊዜው ያለፈበትን ያድሳል። «ይሄ እኮ ስርቆት ነው» የሚል ቢመጣ መልሱ አፉ ላይ ነው፦ የይፋግ ገበሬ ልጅ የትኛውን ዶላር ይዞ ይግዛው? ደግሞስ ዋናዎቹ ሌቦች ወንበር ላይ ተደላድለው እያሉ እሱን ማን አየው? ቢያንስ ግማሹ እውነት ነበር።

በዚህ ክርክር ያልረታው አንድ ሰው ቢኖር አባቱ ናቸው። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ዘጌ ላይ ብራና ሲፍቁና ዳዊት ሲገለብጡ ያረጁ ቁም ጸሐፊ ናቸው። መገልበጥ ለእሳቸው ጽድቅ እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከማን መጽሐፍ እንደ ቀዱ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ የጻፈውም ማን እንደሆነ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ሳያሰፍሩ መጽሐፍ አይጠርዙም። ልጃቸው ሥራውን ሲያስረዳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ስምህን ትጽፍበታለህ?»

አይጽፍበትም።

«እንግዲያው ታፍርበታለህ ማለት ነው» አሉት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ መሥሪያ ቤት ገድሉን ጠራው። ለአርባ ኮምፒውተሮች ሶፍትዌር ከነፈቃዱ ተገዝቷል ተብሎ ሰነዱ አልቋል፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ባዶ ናቸው። የግዥ ኃላፊው አቶ ደሞዝ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት በቃሉ የያዘ ሰው፣ ሻይ አዘዘለት።

«ካንተ ፍላሽ ጫንባቸው» አለው። «ከዚያ እዚህ ላይ ትፈርማለህ።»

ወረቀቱ፣ ሶፍትዌሩ ሕጋዊ መሆኑን ባለሙያው ገድሉ ወልደ ጻድቅ መርምሮ አረጋግጧል ይላል።

«መጫኑን እጭናለሁ። መፈረሙ ግን ይቅርብኝ።»

«ያለ ፊርማ ርክክብ የለም» አለ ደሞዝ፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ። «ሱቅህ የቀበሌ ናት አይደል? ውሏ የሚያልቀው መቼ ነበር?»

ገድሉ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። ሚስቱ ሊድያና ሁለት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያች ሱቅ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ጫነ። ንዴቱ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። «ሌቦቹ እነሱ ናቸው» እያለ የኖረ ሰው፣ ሌብነታቸውን የሚሸፍነው የሱ ፍላሽ ሆኖ ተገኘ። ይህን አወቀ፤ ማወቁም ምንም አላደረገው። በአራተኛው ቀን ፈረመ። እስክሪብቶው ቀለም ስለ ነሳው ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመበት።

እሑድ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገረ። አባቱ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ዐረፍ ብለው ነበር።

«ሰሞኑን ምን ስትሠራ ከረምህ?» አሉት።

«ለአንድ መሥሪያ ቤት ገለበጥሁ፣ አባ።»

«ያው ያለ ስም ነዋ።»

ገድሉ ወደ ሐይቁ አየ።

«የለም፤ ስሜን ጻፍሁበት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ስንት ዓመት የጠበቁት ቃል ነበርና ፊታቸው በራ። ክንዱን ይዘው አስጠጉትና እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«እሰይ። እንግዲህ የምታፍርበት ነገር የለህም» አሉና ይመርቁት ጀመር።

ምርቃቱ ረጅም ነበር። ገድሉ አንገቱን ደፍቶ፣ በየማረፊያው «አሜን» እያለ እስኪያልቅ ጠበቀ።