ተልባ የጠጣው ቱቦ

ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዤ መጀመሪያ የተከራየሁት ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበር። ልጃቸው እኩያዬ ስለሆነች ቶሎ ተላመድን። የምትወደው መምህር ወደ ሊበን ሊዛወር ስለሆነ ሳይሄድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። እናቷ ግን አስቀድመው ቆርጠዋል፤ ሽማግሌ ሳይመላለስባት የተሰጠች ልጅ ቀለለች ትባላለችና፣ ከፋሲካ በኋላ ኑ ብለው ሊመልሷቸው ነው። ልጅቱ እስከዚያ ሌላ ወዶ ቢረሳኝስ እያለች እንቅልፍ አጣች።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቀን ዋዜማ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ተዘጋ። የቧንቧ ሠራተኛው ደምበጫ ሄዷል ተባለ። እኔ ሽቦ ብናስገባበትስ ብዬ ነበር፤ ድምፄ ዝግ ያለ ስለሆነ የሰማኝ የለም። አከራዬ ግን መድኃኒቱን ያውቁታል። የሆድ ድርቀት በምን ይለቃል? በተልባ። ከጾሙ ተልባ ቀንሰው በባልዲ በጠበጡና ቀዳዳው ውስጥ ገለበጡት።

ተልባው ሲያብጥ አደረ። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ግቢው መሐል ሲቆሙ፣ ከኋላቸው ቱቦው አጉረመረመ። አከራዬ ግቡ ቢሏቸው፣ ቃል ሳይሰጠን ገብተን አንቀመጥም አሉ፤ ወጉም ነው። የሚዝለገለግ ቡናማ ውኃ ከመጸዳጃ ቤቱ ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ ጫማቸው ይሳባል። እኔና ልጅቱ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ነጠላችንን ነክሰናል። አከራዬ ዘመድ ሳላማክር እያሉ ያስረዳሉ፤ ዓይናቸው ግን ውኃው ላይ ነው። ሽታውም ደረሰ። ትልቁ ሽማግሌ አንድ እግራቸውን አነሱ።

"እሜቴ፣ እኛ ቆመን ብንውልም ግድ የለንም" አሉ በእርጋታ። "ይህ ውኃ ግን ቀጠሮ የሚያከብር አይመስልም።"

"ሰጥቻለሁ" አሉ አከራዬ። "በማርያም፣ ግቡልኝ።"

ገቡ። ልጅቱ የሞቀ ውኃ በሳህን ይዛ እግራቸውን ልታጥብ ተንበረከከች። አንገቷን እንደ ደፋች ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትልቁ ሽማግሌ ራሷን ዳሰስ አድርገው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ፤ ሊበን እኮ ሩቅ አይደለም" አሏት።

ይህን ጊዜ እኔም መቆም አቃተኝ። ሽቦ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁና ቱቦው ዘንድ ደርሼ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።