ወደ ወገዳ፦ የአሜሪካ ፖሊሲና የሁለት ጓደኛሞች ኩርፊያ

አርብ ንጋት፣ ንፋስ መውጫ

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስኩ። ከተማዋ እንደ ስሟ ናት፤ ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ይታገላል። ባጃጆች መብራታቸውን አብርተው ይርመሰመሳሉ። እኔ ባሕር ዳር የውጭ ግንኙነት ትምህርት አስተምራለሁ። ወገዳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አሜሪካ በቀድሞዎቹ የሶቭየት አገሮች ላይ ስላላት ፖሊሲ ለተማሪዎቹ እንዳስረዳ ጋብዞኛል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውዬ አጣርቻለሁ። ከዚያ እስቴ፣ እናቴ ዘንድ እገባለሁ።

የሚኒባሱ ሾፌር ሰይድ ጋቢና አስቀመጠኝ። ምን ላስተምር እንደምሄድ ስነግረው ሳቀ።

«ይኼን ሁሉ አቧራ የምትጠጪው ለዩክሬን ነው?» አለኝ። ትንሽ ነድቶ ደግሞ፣ «ለነገሩ ጦርነቱ እዚያ ተጀምሮ ናፍጣና ማዳበሪያ የተወደደው እዚህ ነው። አስተምሪ፣ አስተምሪ» አለ።

በሁለቱም በኩል የታጨደ ገብስ፣ ክምር፣ አውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች። ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ጥርት ያለ ሰማይ።

አርብ ረፋድ፣ አርብ ገበያ

መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቶ መኪናችን የምትሄደው በሰው ፈቃድ ነው። ጤፍ፣ ጌሾ፣ ፍየል፣ የፕላስቲክ ጫማ። ወርደን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በላን። ስንመለስ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ኮታቸው ያረጀ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ዶክተር መሰለ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ሰይድ ሥራዬን ሲነግራቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ እኮ በደርግ ጊዜ ካርኪቭ ነው የተማርኩት። ዛሬ ዩክሬን የሚሏት አገር።»

አንድ ክፍል የተጋሯቸው ሁለት ጓደኞች ነበሯቸው፤ ቫሲል ዩክሬናዊ፣ ሰርጌይ ሩሲያዊ። ሦስቱ አንድ ድስት ድንች ሲበሉ አራት ዓመት ኖረዋል። ጦርነቱ ሲጀመር ሁለቱ ተኳረፉ። ሰርጌይ ጥፋቱ የአሜሪካ ነው ይላል፤ ቫሲል ደግሞ የሩሲያ ነው ይላል። ሁለቱም ለዶክተሩ የድምፅ መልእክት እየላኩ «አንተ ፍረድ» ይሏቸዋል።

«መልስ ሳልሰጥ ወራት አለፉ። ብፈርድ አንዱን አጣለሁ፤ ዝም ካልኩ ሁለቱንም። እስቲ አንቺ የተማርሽው ንገሪኝ ልጄ፣ ማን ነው ልክ?»

ከበደኝ። መጀመሪያ ትምህርቱን መጥተው ይስሙና ከዚያ እናውራ አልኳቸው። እሺ ብለው እስከ ወገዳ ድረስ በመስኮት ሲያዩ ሄዱ።

አርብ ከሰዓት፣ ወገዳ

ኮረኮንቹ አጥንታችንን አላልቶ አደረሰን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዶክተር መሰለ ከፊት ተቀመጡ። ካርታ ሰቅዬ ጀመርኩ። ሶቭየት ስትፈርስ ዩክሬን የኑክሌር መሣሪያዋን አስረከበች፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሩሲያም ድንበሯን እንደሚያከብሩ ፈረሙላት። በኋላ እሷና ጆርጂያ አንድ ቀን ኔቶ ትገባላችሁ ተባሉ፤ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም። ሩሲያ ይህን ደጄን መክበብ ነው ብላ ጦሯን አዘመተች።

ትዕግሥት የምትባል ተማሪ ተነሣች። «ቲቸር፣ አሜሪካ ከፈረመች ለምን ራሷ ገብታ አልተዋጋችም?»

«በእንግሊዝኛው የፈረመችው ‹አሹራንስ›፣ ማረጋገጫ እንጂ ‹ጋራንቲ›፣ ዋስትና አይደለም» አልኩ።

«በእንግሊዝኛ ይለያያል?»

«ይለያያል።»

«በአማርኛስ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ፣ አሜሪካ መሣሪያና ገንዘብ እንደሰጠች፣ ፕሬዝዳንት ሲቀየር ፖሊሲውም እንደሚዋዥቅ፣ ኃያል አገር መጀመሪያ የራሱን ጥቅም እንደሚያሰላ አስረዳሁ።

ዶክተር መሰለ ቆሙና የጓደኞቻቸውን ነገር ለተማሪዎቹ አወሩ። ታይፎይድ ይዟቸው ሳለ ቫሲል ሾርባ ሲያጎርሳቸው፣ ሰርጌይ የገዛ ካፖርቱን አልብሷቸው ሐኪም ቤት ድረስ አዝሏቸው ሲሄድ።

«ታዲያ ምን ይሏቸዋል?» አለች ትዕግሥት።

እሳቸውም ኪሳቸውን ዳበሱ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው በሩሲያኛ መናገር ጀመሩ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በቋንቋው ሳቁ፤ ኋላ ግን ለመስማት ወደፊት ጠጋ ጠጋ አሉ። ጨርሰው ላኩትና ተረጎሙልን።

«ለሁለቱም አንድ መልእክት ነው። ‹ሰርጌይ፣ አሜሪካ ያጠፋችው ሊኖር ይችላል፤ የቫሲልን ከተማ የሚደበድበው ግን የአንተ አገር ነው። ይህን የምልህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው። ቫሲል፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ፤ ሰርጌይን ጥላው ግን አትበለኝ።›»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከስልካቸው ላይ አልተነቀለም። «ሰርጌይን አጣሁት መሰለኝ» አሉኝ ስንወጣ። መልስ ከመጣ እንዲደውሉልኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻቸው ተለያየን።

ቅዳሜ፣ እስቴ

ከወገዳ በጭነት መኪና ጋቢና መጣሁ። የእናቴ ደጅ በጤፍ ጭድ ወርቅ መስሏል። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና «ከስተሻል» አለችኝ፤ ሽሮውን ከነድስቱ አቀረበችልኝ። ሁለተኛ ጉርሻ ስታጎርሰኝ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ መሰለ ነኝ! ሰርጌይ መለሰ!»

«ተቆጣ?»

«ስለ አሜሪካም ስለ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ‹የቫሲል ቤት አለ ወይስ ፈርሷል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የእኔን ስልክ አያነሣልኝም፤ አንተ ጠይቅልኝ› ነው ያለኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ቫሲልስ ምን አለ?»

«አልደወልኩለትም እኮ ገና። በይ ልጄ ዝጊ፣ ዝጊ፤ ልደውልለት ነው!»